ኖራ የተቀባው ደን

ጡረታ ስወጣ ጃንጥላ ሸለሙኝ። ሽኝቱ የተደረገው ደጅ ላይ፣ ዝናብ እየዘነበ ስለነበር ጃንጥላው የተሰጠኝ ተዘርግቶ ነው። ሰጪዎቹ ንግግራቸውን እስኪጨርሱ ድረስ እነሱ ተጠለሉበት፤ እኔ እየበሰበስኩ አጨበጨብኩ። ከጀርባችን ቆርቆሮው ያልዛገ፣ ወንበር የተደረደረበት የእንግዳ መቀበያ ቤት ቆሞ ነበር። ቤት እያለ ለምን ደጅ እንደተሸኘሁ ላስረዳ ካልኩ የሥራ ዘመኔን በሙሉ መተረክ ሊኖርብኝ ነው። ስለዚህ ልተርከው።

ቦንጋን ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ላስቀድም። እኛ ዘንድ ዝናብ የሚያቆመው ትንፋሽ ለመውሰድ ብቻ ነው። ዓመቱን ሙሉ ይዘንብና በጳጉሜን ደግሞ ያመለጠውን ያካክሳል። እንዲህ ባለ አገር ዕድሜውን በእግሩ የሄደ ሰው ጉልበቱ ቀድሞት ጡረታ ቢወጣ አይገርምም። ሐኪሙ የጉልበቴን ፎቶ ወደ መስኮቱ አዙሮ ብዙ ካየ በኋላ፣ «ይህ ጉልበት የማን ነው?» አለኝ። «የመንግሥት ነው» አልኩት። በቦርድ አሰናበቱኝ። ገና ሽበቴ እንኳ በቅጡ አልተደላደለም።

ሥራዬ ደን ነበር። ስለ ደመወዙ አታንሱብኝ፤ ደሃ ነኝ ብዬ ሳማርር እሱም አብሮኝ የሚያፍር ደመወዝ ነበር። መንግሥት በተለወጠ በማግሥቱ ዓመት መጀመሪያ የተመደብኩት ደካ ነው። የመጀመሪያው አለቃዬ ጉንዳን የሚፈራ የደን ኃላፊ ነበር። ጉንዳን ስላችሁ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ የደካ ጉንዳን ሲሰለፍ መኪና ቆሞ ያሳልፈዋል። አለቃዬ ደኑን የሚጎበኘው ከሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ሆኖ ነው። ጠዋት ጠዋት ብርጭቆውን ይዞ ወደ ተራራው ያንጋጥጥና ይጠይቀኛል፦

«ምትኩ፣ አረንጓዴ ነው ወይ?»

«አረንጓዴ ነው።»

«በቃ፣ ሪፖርት አድርግ።»

ከዚያ ወደ ዋጫ ተዛወርኩ። የዋጫው አለቃዬ ደግሞ ችግኝ ያመልክ ነበር። ከላይ የሚወርደው የችግኝ ኮታ ከዓመት ዓመት እያደገ ሄዶ በመጨረሻ ባዶ መሬት አለቀ። ምን ይደረግ? ደን ውስጥ ገብተን በዛፎች መሀል ችግኝ ተከልን። እውነቴን ነው። ደመና የሚነካ ቀረሮ ሥር ጉድጓድ ቆፍረን ክንድ ያህል የማትሞላ ችግኝ ተከልንና ለፎቶ ተደረደርን። ጉሬዛዎቹ ከላይ ሆነው ያዩን አተያይ እስከ ዛሬ ሕልሜ ውስጥ ይመጣል። በዚያው ሳምንት በተካሄደው ግምገማ ላይ፣ «ምትኩ ችግኝ ሲተከል ስቋል፤ የአመለካከት ችግር አለበት» ተባልኩ። አልካድኩም። የአመለካከት ችግሬ እንዲቃና ተብሎ ወደ ቦንጋ ተዛወርኩ፤ ሥራዬም ማንኪራ አካባቢ ያለውን ደን መከታተል ሆነ። ከቅጣት ሁሉ የወደድኩት እሱን ነው።

ማንኪራ ላይ ጋሽ ወዳጆ ነበሩ። ጋሽ ወዳጆ ያኔ የደን ጠባቂ ሆነው ተቀጥረዋል፤ ከቅጥሩ በፊትም በኋላም ግን ንብ አርቢ ናቸው። ከወረዱት ይልቅ የወጡት ዛፍ ይበዛል እየተባለ ይቀለድባቸዋል፤ እንዴት እንደሚሆን አላውቅም፣ እሳቸውን ግን ይመስላል። በደንቡ እኔ አለቃ፣ እሳቸው ሠራተኛ ነበርን። ይህን ደንብ ከሁለታችን በስተቀር ሁሉም ያውቀው ነበር።

መጀመሪያ ቀን አብረን ስንወጣ ከደኑ ጫፍ ላይ ቆሙ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሰው ቤት ደጃፍ ላይ ደርሶ እንደሚስል ሰው በደንብ አድርገው ሳሉ፤ ከዚያ ጥቂት ጠብቀው ገቡ።

«ጋሼ፣ ለማን ነው የሚስሉት?»

«ላለው።»

«ማን አለ?»

«እሱን ገብተን እናያለን» አሉኝ።

በዚህ ሳል አንድ ቀን ደሜ ፈልቷል። ዋንዛ የሚቆርጥ ሌባ አለ ተብሎ ተጠቁመን፣ እኔ እንደ ድመት እየረገጥኩ ስጠጋ፣ እሳቸው ከኋላዬ ቀበሌው በሙሉ በሚሰማው ድምፅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሌባው በረረ። «ጋሼ፣ ምነው አስጠነቀቁት?» ብዬ ጮህኩባቸው። ረጋ ብለው ወደ ዋንዛው ሄዱና ከሥሩ የወደቀውን መጋዝ አነሡ። «ሰውዬውን ምን ላደርገው ነው? ብይዘው ቁርስ አብላኝ ነው የሚለኝ። የፈለግሁት መጋዙን ነው።» ከዚያ ወዲህ ዋንዛ ተቆርጦ አላየንም፤ መጋዝ መግዛት ሌባንም ይከብደዋል።

ሌላው ልማዳቸው መንገድ ላይ ነው። ደን ውስጥ መንታ መንገድ ሲያጋጥማቸው፣ በማይኬድበት ላይ ቅጠሉ ያልረገፈ ቅርንጫፍ ያጋድሙበታል። ከኋላ የሚመጣው ያንን አይቶ ያልፋል፤ ያለ ሰሌዳ፣ ያለ ጽሑፍ። እንግዳ ሲኖር ደግሞ ከፊት አይሄዱም፤ ከኋላ ሆነው እንግዳው የጣለውን ያነሣሉ፣ የታጠፈውን ሐረግ ይመልሳሉ።

ቀፎ ሲሰቅሉ ያየ ሰው ደግሞ ሥራ የሚባለው ምን እንደሆነ ይገባዋል። ቀፎውን ከተሰነጠቀ ቀርከሃ ጠፍረው፣ በሐረግ አስረው፣ ንቧ ሽታውን እንድትወድ መልካም መዓዛ ባለው ቅጠል ያጥኑታል። ዛፉን ከመውጣታቸው በፊት ግንዱን በገጀራ ጀርባ ኳ ኳ አድርገው ጆሯቸውን ይለጥፋሉ። ባዶ ድምፅ ከሰጠ አይወጡበትም፤ «ውስጡ ታሟል» ይላሉ። ደህና ከሆነ ገመዱን በግንዱና በወገባቸው ዙሪያ አዙረው፣ ገመዱን ወደ ላይ ወርወር፣ እግራቸውን ሳብ እያደረጉ ደመና ውስጥ ይገባሉ። እኔም አንድ ጊዜ ሞክሬያለሁ። ቤት ጣሪያ ያህል እንደወጣሁ ወደ ታች አየሁና ግንዱን አቅፌ ቀረሁ። ጋሽ ወዳጆ ከሥር ቁጭ ብለው ቆጯቸውን ፈቱና መብላት ጀመሩ። «አትቸኩል፣ እኔ ምሳ ላይ ነኝ» አሉኝ። የወረድኩት እሳቸው በልተው፣ ትንሽም አሸልበው ሲነሡ ነው።

ቀፎዎቹ የተሰቀሉበት ስፍራ ከአባታቸው የመጣ ነው። የወንድሞቻቸውና የጎረቤቶቻቸውም እዚያው አጠገብ ለአጠገብ አለ። ማንም የሌላውን ዛፍ አይነካም። ገተም የሚባለው ዛፍ ያበበ እንደሆነ ከዚያ የሚወርደው ነጭ ማር የልጅ ልብስ፣ የለቅሶ ወጪ፣ የክረምት ጨው ሁሉ ይሆናል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የነገሩ ሁሉ መቋጠሪያ እዚህ ነው።

አንድ ቀን ደናችን የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ ሆነ ተባለ። እልል ተባለ፤ አዳራሽ ተሰበሰብን። አለቃችን አቶ ሙሉጌታ ካርታ ዘረጋ። አቶ ሙሉጌታ ሳይተነፍስ ስድስት ጊዜ «ባለድርሻ አካላት» ማለት የሚችል ሰው ነው፤ በሰባተኛው ውኃ ያቀርቡለታል። ካርታው ላይ አረንጓዴ የተቀባው ሰዉ እንደ ወትሮው ማሩን የሚያወርድበት፣ ቡናውን የሚለቅምበት ነው። ቀይ የተቀባው ማንም የማይረግጠው ነው። ማንኪራ ላይ ሲደረስ ግን ቀለሙ አልተቀባም። ቀዩ የሚጀምርበት መስመር ከላይ በወንዙ ይሂድ ወይስ ከታች በእግር መንገዱ፣ ገና አልተወሰነም። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ቡድን ደኑን በእግሩ ተጉዞ አይቶ ይወስናል ተባለ።

በወንዙና በእግር መንገዱ መሀል ያለው ምን መሰላችሁ? የጋሽ ወዳጆ ቀፎዎች። መስመሩ በወንዙ ከሄደ ቀፎዎቹ ይተርፋሉ፤ በእግር መንገዱ ከሄደ ያ ሁሉ ዛፍ ከነንቡ ቀይ ውስጥ ይገባል።

የቡድኑ መሪ ዶክተር ሰብለ የሚባሉ ሴት ናቸው። አስቀድመው አንድ ጊዜ ብቅ ብለው ነበርና ቦንጋ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን አወራን። ጭቃ የማይጸየፉ፣ ሲጠይቁ መልሱን ጠብቀው የሚሰሙ ሰው ናቸው። እኔን የሚያህል ቀልደኛ አፉን ዘግቶ አዳመጣቸው። «አቶ ምትኩ፣ እኔ ማየት የምፈልገው ሰው ቀፎውን ሰቅሎ ደኑን ሳይነካው ሲኖር ነው። እሱን ካየሁ መስመሩን ወደ ላይ፣ ወደ ወንዙ አወጣዋለሁ። ስለዚህ ለሰዎቹ ይንገሩልኝ፤ ምንም እንዳይነኩ። እንዳለ ልየው» አሉኝ።

ማንኪራ ሄጄ ነገርኩ። ሰዉ በተሰበሰበበት፣ በአማርኛም በካፊኖኖም፣ ለጋሽ ወዳጆ ደግሞ ለብቻቸው ነገርኩ። «ምንም እንዳትነኩ ብለዋል።» ጋሽ ወዳጆ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እግዜር ያክብራቸው። ጨዋ ሴት ናቸው ማለት ነው» አሉ። መስሎኝ ነበር የተግባባን። ደስ ብሎኝ ለአስጎብኚነት ሥልጠና ሐዋሳ ሄድኩ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠን ስለ ደን ጉዞ ስላይድ ስናይ ሰነበትን፤ ከመስኮቱ ውጭ ያለውን ዛፍ ግን ማንም አላየውም።

ስመለስ ከቡድኑ ጋር በአንድ መኪና ነው ማንኪራ የደረስኩት። ከመኪናው ወርጄ ቀና ስል መጀመሪያ ያሰብኩት ዓይኔ ታሟል ብዬ ነው። ዛፎቹ ካልሲ ለብሰዋል። ከመግቢያው ጀምሮ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ዛፍ ሁሉ፣ ቀረሮው፣ ዋንዛው፣ ጥቁር እንጨቱ፣ ከሥሩ እስከ ሰው ወገብ ድረስ ኖራ ተቀብቷል። ስንት መቶ ዓመት ተከብሮ የኖረ ቀረሮ የትምህርት ቤት ተማሪ መስሎ ቆሟል። መግቢያው ላይ በቀርከሃና በዘንባባ የተሠራ በር አለ። ሰዉ በሙሉ የክት ልብሱን ለብሶ ተሰልፏል። አቶ ሙሉጌታ ከፊት ቆሞ ያጨበጭባል።

ዶክተር ሰብለ ወደ ዛፎቹ አዩ፤ ከዚያ ወደ እኔ አዩ። እኔ ወደ ሰማይ አየሁ። እንደ ዕድል ሆኖ ዝናቡ ትንፋሽ የሚወስድበት ሰዓት ነበር።

መሄድ ጀመርን። ጋሽ ወዳጆ ደኑ ጫፍ ላይ እንደ ልማዳቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ከዚያ ከኋላ ሆኑ። ሁለቱ የቡድኑ ባልደረቦች ካሜራቸውን አወጡ። እኔ ከፊት ነኝ፤ አፌ ይሠራል። «ይህ ቀረሮ ከቁመቱ የተነሣ ጫፉ ላይ የሚኖረው ጉሬዛ የአዲስ አበባን ብርድ ነው የሚለብሰው» አልኩ። ዶክተር ሰብለ ለዚያ ፈገግ አሉ። ከዚያ በኋላ ግን ቀልዴን ሁሉ ኖራው ዋጠው፤ እሳቸው የሚያዩት መሬት መሬቱን ነበር።

መሬቱ ተጠርጓል። በመጥረጊያ ማለቴ ነው። ጥሻው፣ ሐረጉ፣ ቁጥቋጦው፣ እሾሁ፣ ወድቆ የበሰበሰው ግንድ ሁሉ ተመንጥሮ ወጥቷል። የቀረው ቡናውና ኮረሪማው ብቻ ነው፤ እሱንማ ማን ጨክኖ ይቆርጠዋል? የአገሬን ሰው የማያውቅ አንድ ሰው ያንን ሲያይ ምን ይላል? ደን መንጥሮ የቡና ማሳ ሊያደርገው ነው ይላል። ጥብቅ ስፍራው የታወጀው ይህንኑ ለመከልከል ነው።

ወደ ግራ የሚታጠፍ፣ ወደ ቀፎዎቹ በሌላ በኩል የሚያደርስ ቀጭን መንገድ አውቃለሁ። እዚያ ምንጣሮው እንዳልደረሰ ከሩቁ አየሁ፤ ጥሻው እንደ ጥንቱ ተንዠርጓል። ነፍሴ ተመለሰች። እንግዶቹን ወደዚያ ላዞር ስል ግን መንገዱ ላይ ለምለም ቅርንጫፍ ተጋድሟል። ዘለልኩት።

«ምትኩ፣ መንገዱ ወዲህ ነው» አሉ ጋሽ ወዳጆ ከኋላ።

«ጋሼ፣ በዚህም ይደርሳል።»

«በዚያ እሾህ አለ። እንግዳ ይዘሃል።»

«እሾሁን ማየት ይፈልጋሉ።»

«እሾህ ለማየት ነው ከአዲስ አበባ የመጡት?»

ሰዉ ሳቀ። አቶ ሙሉጌታም፣ «ምትኩ፣ ከፕሮግራም አትውጣ» አለ። በጠራው መንገድ ሄድን።

ቀፎዎቹ ጋ ስንደርስ ተስፋዬ ሁሉ አለቀ። ከቀፎዎቹ ሥር ያለው ስፍራ የሠርግ ዳስ መስሏል። ከግንድ የተጠረበ አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ ለምለም ቅጠል ተነጥፎበታል፤ በሳህን ማር፣ በቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ቀርቧል። እንግዶቹን አስቀመጧቸው። ዶክተር ሰብለ ማሩን ቀመሱና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲገልጡት ዙሪያውን አዩና ጠየቁ፦

«ይህን ማን መነጠረው?»

አቶ ሙሉጌታ ብድግ አለ። «ሕዝቡ በራሱ ተነሳሽነት ነው፣ ዶክተር።»

«ኖራውስ?»

«እሱም... ተነሳሽነት ነው።»

«ማንኪራ ኖራ አይበቅልም» አልኩ እኔ። ኖራው በመሥሪያ ቤታችን መኪና እንደመጣ ሾፌራችን መግቢያው ላይ በጆሮዬ ነግሮኛል። አቶ ሙሉጌታ ያየኝ አስተያየት በሚቀጥለው ግምገማ ላይ ተብራርቶልኛል፤ አሁን እንለፈው።

ዶክተር ሰብለ ወደ ጋሽ ወዳጆ ዞሩ። «ጋሼ፣ ቡና ሊያስፋፉ አስበው ነው?»

«የለም። እናንተ ልትመጡ ስለሆነ ነው።»

«ምንም አትንኩ ብዬ ልኬ ነበር። አልደረሰዎትም?»

«ደርሶኛል። ምትኩ አንድም አላስቀረ።» ጋሽ ወዳጆ በደስታ ወደ እኔ ጠቆሙ። «እንግዳ እንዲያ ነው የሚለው። አትድከሙ ይላል። ከእርስዎ የሚጠበቀውን አሉ፤ ከእኛ የሚጠበቀውን ደግሞ እኛ አደረግን። እርስዎ አትድከሙ ስላሉ ዝም ብንልዎ፣ አገርዎ ገብተው ምን ብለው ያሙናል?»

ዶክተር ሰብለ ሳቁ። ከልባቸው ነው የሳቁት፤ ከዚያ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው የተመነጠረውን መሬት አዩ። እኔ በዚያ መሀል የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ደገምኩ፤ የማላውቀውንም ጨመርኩበት።

«እኔ አምንዎታለሁ፣ ጋሼ» አሉ ቀስ ብለው። «ግን ሥሩ ተመንጥሮ ቡናው ብቻ የቀረ ደን ስም አለው። እኔ በክብር ነው የመነጠሩት ብዬ መስመሩን ወደ ላይ ባወጣ፣ ነገ ሌላው መንደር እንግዳ መጣብኝ እያለ ሲመነጥር ምን እለዋለሁ?»

ጋሽ ወዳጆ አሰቡ። ጥያቄው ትክክል ነበር። «ይበቅላልኮ» አሉ።

«ይበቅላል። እስኪበቅል ይዘጋ።»

«ከበቀለስ?»

«ተመልሰን እናያለን» አሉ ዶክተር ሰብለ። ተነሥተው የጋሽ ወዳጆን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። ሁለቱም እውነተኛ ሰዎች ነበሩ፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። የምሰድበው ሰው አጣሁ። አቶ ሙሉጌታን ልስደብ እንዳልል ደግሞ፣ ኖራው በዝናብ ታጥቦ ከመሄዱ በቀር ጉዳት አላደረሰም። መስመሩን ወደ ታች ያወረደው ኖራ አይደለም፤ ጨዋነት ነው። በዚህ የሚከሰስ ሰው ከየት ይመጣል?

መስመሩ በእግር መንገዱ ሄደ። «መግባት ክልክል ነው» የሚለውን ሰሌዳ የተከልኩት እኔ ነኝ፤ ሥራዬ ነውና። ጋሽ ወዳጆ መጥተው ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና፣ «አጣመምከው» አሉኝ። ቀረብ ብለው ምሰሶውን ይዘው አቀኑልኝ፤ እኔ አፈር ሞላሁ። ከሰሌዳው ወዲያ ቀፎዎቻቸው ይታያሉ፤ ንቦቹ ሲገቡ ሲወጡ ይሰማል። ያን ቀን ቀልድ ብፈልግ ብፈልግ አንድም አጣሁ፤ በሕይወቴ ከዚያ በፊት እንደዚያ ሆኜ አላውቅም።

ደኑስ? ደኑማ በሁለተኛው ክረምት ሁሉን መልሶ አበቀለው። ጥሻው እልህ እንደ ያዘው ሰው ተመልሶ፣ እንኳን ሰው ዓይን የማያሳልፍ ሆነ። እኔም «በቅሏል፣ ተመልሰው ይዩ» እያልኩ መጮህ ጀመርኩ። ቡድኑ ሥራውን ጨርሶ ተበትኗል ተባልኩ። ዶክተር ሰብለ ውጭ አገር ሄደዋል ተባልኩ። በጀት የለም ተባልኩ፤ በጀት ሲመጣ መኪና የለም ተባልኩ፤ መኪና ሲመጣ የበጀት ዓመቱ አልቋል ተባልኩ። አንድ ጊዜ ሁሉም ተሟልቶ ነበር፤ ያን ሳምንት ግምገማ ነበር። አቶ ሙሉጌታ ደግሞ በጠየቅሁት ቁጥር፣ «በሂደት ላይ ነው» ይለኛል። ሂደት የሚባለውን ነገር ባገኘው በሁለት እጄ ነበር የማንቀው።

«ጋሼ፣ ማንም ሳያይ ገብተው ማርዎን ያውርዱ» አልኳቸው አንድ ቀን፤ እኔው ጠባቂው።

«ሌላውን ሰው ስከለክል ኖሬ?» አሉኝ። አልገቡም። ጠዋት ጠዋት ሰሌዳው ድረስ ይመጣሉ፣ ይቆማሉ፣ ይመለሳሉ።

ንቦቹ ግን ቅጥር የላቸውም። ቀፎዎቹ የሚያድሳቸው አጥተው አረጁ፤ ሐረጋቸው ላልቶ አንዳንዱ ወደቀ። አንድ ጸደይ ትልቅ መንጋ ከቀዩ ክልል ተነሥቶ፣ መስመሩን በአየር ላይ ተሻግሮ መጣና ደኑ መግቢያ ላይ በተሠራው አዲሱ የእንግዳ መቀበያ ቤት ኮርኒስ ውስጥ ሰፈረ። በሳምንቱ ቤቱ በሙሉ ይጎመጉም ጀመር። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ተነደፈ፤ አቶ ሙሉጌታ ከንፈሩን ተነድፎ ለጥቂት ቀናት «ባለድርሻ አካላት» ማለት ስላልቻለ ስብሰባ ሁሉ በጊዜ ያልቅ ነበር። በመጨረሻ፣ «ጋሽ ወዳጆን ጥራልን፣ ያውርዱልን» አለኝ፤ ግማሹን በእጁ ነው ያስረዳኝ።

ጋሽ ወዳጆ መጡ። በሩ ላይ ቆሙ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ጥቂት ጠበቁ፣ ገቡ። ኮርኒሱን በጣታቸው ኳ ኳ አድርገው ጆሯቸውን ሰጡ። ፊታቸው በራ፤ ሰሌዳው ከተተከለ ወዲህ እንደዚያ ሲበራ አይቼው አላውቅም ነበር።

«የኔ ናቸው» አሉ።

«ታዲያ ያወርዷቸዋል?» አለ አቶ ሙሉጌታ።

«ወዴት ላውርዳቸው? ቤታቸው ተዘግቷል።» ወደ በሩ ሄዱና ዞር አሉ። «እንግዳ ናቸው። አጽዱላቸው፤ ኖራም ቀቡላቸው።»

ወጥተው ሄዱ። ሌላ ማንም ደፍሮ አልነካቸውም። የእንግዳ መቀበያው የንብ ሆነ፤ እኛ ደጅ ወጣን። ለዚህ ነው ሽኝቴ ዝናብ ውስጥ የተደረገው። አቶ ሙሉጌታ ስለ እኔ ትጋት በተናገረ ቁጥር ከኮርኒሱ የሚመጣው ጉምጉምታ ይደርብበት ነበር፤ ከንግግሩ ይልቅ እሱን አምኜዋለሁ።

ሽኝቱ ሲያልቅ ጋሽ ወዳጆ ከሰዉ ኋላ ቆመው አየኋቸው። አርጅተዋል፤ ኮታቸው ሰፍቷቸዋል። ጃንጥላዬን ዘርግቼ አብረን በእግር መንገዱ ወረድን። ጃንጥላው ለአንድ ሰው የተሠራ ነው፤ መንግሥት ለሁለት አይሸልምም። እሳቸው ወዲያ፣ እኔ ወዲህ እየተገፋፋን ሁለታችንም በሰበስን።

ሰሌዳው ጋ ስንደርስ ቆሙ። ምሰሶው አሁንም ቀጥ እንዳለ ነው። ከወዲያ ጥሻው መንገዱን ውጦ፣ ቀረሮው አንድ ጠብታ ኖራ ሳይቀርበት ጠቁሮ ቆሟል። ከፍ ብሎ አንድ ቀፎ ብቻ ዘመም ብሎ ተንጠልጥሏል።

«በቅሏል፣ አይደል?» አሉኝ።

«በቅሏል፣ ጋሼ።»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ሰው ቤት እንደሚገባ ሰው በደንብ አድርገው ሳሉ። ጠበቅን። ዝናቡ ጃንጥላው ላይ ይወርዳል። ግቡ ያለን የለም።